አሥራ አምስተኛው ወንበር

«ዓለሜ፣ ይሄ ሙቀት ግን ዘንድሮ ምን ነክቶታል? ገና በጠዋቱ! በዚህ ማስክ ውስጥ ፊቴ እንደ ድንች ተቀቀለ እኮ። ውሃ ይዘሻል? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጠጪ እንጂ… ዞር ብለሽ፣ ከፈት አድርገሽ ፉት በይ። ዘበኛው ካየሽ ይጮህብሻል።»

ሳህሉ ይህን ድምፅ ሲሰማ አንድ እግሩን ለሰልፍ መሬት ላይ በተቀባው ቢጫ ክብ ላይ አሳርፎ ሌላውን ገና አላነሳም ነበር። እትዬ አስናቀች ናቸው። ከእሳቸው ፊት ባለው ክብ ላይ ደግሞ ዓለምፀሐይ ቆማለች። ከሻርጃ ተነስቶ አጅማን ድረስ የነዳው የሚያውቀው ሰው እንዳያጋጥመው ብሎ ነበር። አል ራሺዲያ በተባለው ሰፈር በተተከለው የኮሮና ምርመራ ድንኳን ደጃፍ ላይ ግን፣ ከጸሎት ኅብረቱ ምእመናን ሁሉ ሊያያቸው የማይፈልጋቸው ሁለቱ ቀድመውት ተሰልፈዋል።

ይመለስ? ዕለቱ ሐሙስ ነው። ውጤት ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ እስካሁን በቤት ብቻ የቆየው ትምህርት እሑድ በክፍል ይጀመራል፤ ያለ ውጤት ደግሞ ልጅ በትምህርት ቤቱ በር አታልፍም። ከኋላው ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። የአሥር ዓመት ልጁን የማራናታን እጅ ጨበጥ አድርጎ ቆመ።

እትዬ አስናቀች ዘወር አሉ። «ውይ፣ ወንድም ሳህሉ! ጌታ ይመስገን! ቤት ሰላም ነው? እህት ጥሩወርቅ ደህና ናት? እቺ ልጅ ደግሞ እንዴት ነው ያደገችው፣ በጌታ! ለጉዞ ነው አይደል የምታስመረምሯት? መቼም ልጅ በዚህ ፀሐይ የሚሰለፈው ለጉዞ ካልሆነ ለምን ይሆናል… መልካም መንገድ ያድርግላችሁ።» መልሱን አልጠበቁም። ፊታቸውን ወደ ዓለምፀሐይ መለሱ።

 እንኳን አልጠበቁ፣ አለ ሳህሉ በልቡ።

እትዬ አስናቀች ወደ ስድሳው የሚጠጉ፣ አል ራሺዲያ ውስጥ በአንድ ስፌት ቤት አሥራ ሰባት ዓመት የሰፉ ሴት ናቸው፤ ሳህሉ ይህን ዘንግቶት ነበር። ዓለምፀሐይ ደግሞ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ባለ የቴምር ማሸጊያ ፋብሪካ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ናት። ፋብሪካው በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ውጤት ካላየ በር አይከፍትላትም። ባሏ ደረጀ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ድርጅቱ ሾፌሮቹን ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለው ካምፕ አላስወጣም ብሏል። እዚያው ሰፈር ኅብረቱ በየዓርቡ የሚያመልክበት ኪራይ አዳራሽም ከመጋቢት ጀምሮ ተቆልፏል። ከዚያ ወዲህ ጸሎቱም፣ ስብከቱም፣ ጭቅጭቁም በዙም ሆነ። የዙሙን ቁልፍ የያዘው ደግሞ ሳህሉ ነበር። የኅብረቱ ሽማግሌ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ አየር መንገድ ውስጥ የመንገደኛ ቁጥር የሚተነብይ ባለሙያ።

ማስክና የሁለት ሜትር ርቀት ተደማምረው ሐሜት እንኳ እንደ ስብከት ጮክ ተብሎ የሚወራበት ጊዜ ነበር። የእትዬ አስናቀች ድምፅ ደግሞ በስፌት መኪና ጩኸት ላይ የሠለጠነ ነው።

«እኔ የምልሽ ዓለሜ፣ ያ የነሐሴው ስብሰባ ትዝ ይልሻል? ትምህርት ቤት ይከፈት አይከፈት ያልንበት? ዋላሂ እንደዚያ ያለ ትምህርት በዕድሜዬ አልሰማሁም… ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ይሄ ዋላሂ አፌ ላይ ቀረ። እኔ ክርና መርፌ እንጂ ስታትስቲክስ መች አውቃለሁ? ግን እኚያ የተባረኩ ሰው… ስማቸው ምን ያደርግልሻል… ያንን የበሽታውን ቀይ መስመር ወደ ላይ ሲሰቅሉት፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ አንገቴን ሰበር አደረግሁ። የሚመታኝ መስሎኝ! እንደዚያ ለሰው ልጅ የሚጨነቅ ሰው የት ይገኛል? ‹መንግሥት ሞሉን ከፈተ፣ ምግብ ቤቱን ከፈተ፤ አሁን ተራው የልጆቻችን ሆነ። መንግሥት ገበያውን ያያል፤ ለልጅህ የምታይላት አንተ ነህ› ሲሉ እንባዬ መጣ። መንግሥትን የሚያህል ነገር እንደዚያ አፍረጥርጦ የሚናገር… ያውም ማንም በማይቀዳበት ስብሰባ። ድፍረት ማለት እሱ ነው።»

ዓለምፀሐይ ከማስኩ በላይ ዓይኗን ብቻ ነው የምታሳየው። ዓይኗ ሳህሉ ላይ አረፈና ተመለሰ።

«ወንድም ገብርኤልማ፣ ምስኪን፣ ሊከራከር ሞከረ። ‹ይሄ መንግሥት እኮ በየሰፈሩ ድንኳን ተክሎ ይመረምራል፣ ክፍል የሚያስገባው አሥራ አምስት ልጅ ብቻ ነው፣ የወንበሩን ርቀት እንኳ በሜትር ለክቷል፤ ሥራ የምትገባ እናት ልጇን የት ታድርግ?› ብሎ ገና ሲጀምር… ድምፁ ጠፋ! ኔትወርክ ነው አሉ። የዚህ አገር ኔትወርክ እንዴት ያለ ነው ግን? እሳቸው አርባ ደቂቃ ሲናገሩ ንቅንቅ አላለም፤ ገብርኤል አፉን ሲከፍት ተቋረጠ። ኔትወርክም ሰው ያውቃል ማለት ነው።»

የሳህሉ ጆሮ ጋለ። ገብርኤልን የዘጋው የእሱ ጣት ነበር። ያን ጊዜ ሰዓት ለመቆጠብ ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል። ደግሞ ያን ዕለት የተናገረውን ሁሉ አምኖበት ነበር። ከሥራ ባልደረቦቹ ሁለቱ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ የዋሉበት ሰሞን ነው፤ ስላይዱን የሠራው የእነሱን ወሬ በስልክ እየጠበቀ ነበር። ይህን ማን ያውቅለታል? ማንስ ይጠይቀዋል?

«ያላ! ያላ!» ዘበኛው ጮኸ። ሰልፉ አንድ ክብ ወደፊት ተራመደ።

«ያቺን ቃላቸውንማ በጨርቅ ላይ ጠልፌ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅላት ነበር። ‹ልጁን ክፍል የሚልክ ወላጅ በልጁ ላይ ዕጣ የሚጥል ነው።› ዕጣ! ይህን ሰምታ የትኛዋ እናት ናት የትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ ‹ክፍል› የሚለው ላይ ምልክት የምታደርገው? አንቺን ጨምሮ ዘጠኝ ቤተሰብ ‹ቤት› ላይ ምልክት አደረገ። ‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም› ሲሉ እሰማ ነበር። ለካ ወረቀት ይለቃል! የማይለቀው ሞኝ ብቻ ነው… እኔን ማለቴ ነው ዓለሜ፣ አንቺን አይደለም። እኔ ይኸው ቃላቸውን እስከ ዛሬ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።»

ትንሽ ሳል ሳል አሉ። ከፊት የነበሩ ሁለት ፊሊፒናውያን ደንግጠው ዘወር ሲሉ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ምንም አይደለም በሚል።

«ጸጋዬስ፣ ልጅሽ፣ እንዴት ናት? አሁን ደህና ትተኛለች? … ተባረኪ። ምክር መስማት እንዴት ጥሩ ነው! ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስሽ ሳይመጣ በሩን ከውጭ ትቆልፊያለሽ፤ ልጅት ያቺን በጣውላ የተከፈለች የፓርቲሽን ክፍል እንደ ቤተ መንግሥት ይዛ በስልክ ስትማር ትውላለች። ማን ይነካታል? ባለፈው ሰኞ ያ ሶኬት ሲፈነዳ እንኳ… እስቲ አስቢው፣ ቫይረስ አልገባባትም! አንድም! የገባው ጭስ ብቻ ነው። ጎረቤትሽ ሹኩሪያ መቆለፊያውን በመጥበሻ ሰብራ ባታወጣት ኖሮ፣ ልጅት እስከ ማታ ከኮሮና ፍጹም ተጠብቃ በተገኘች ነበር።»

ሳህሉ ይህን አልሰማም ነበር። ስለ ሶኬቱም፣ ስለ ጭሱም ማንም አልነገረውም። ዓለምፀሐይን አያት። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የውሃውን ጠርሙስ ግን ጭምድድ አድርጋ ይዛዋለች። ልጅቷን ያውቃታል። ባለፈው ዓመት በልጆች መዝሙር ላይ ከማራናታ ጎን ቆማ፣ መስመሩ ሲጠፋባት የማራናታን ከንፈር እያየች የዘመረችው እሷ ናት።

እጁ ሳያስበው ላላ። ማራናታ ቀና ብላ አየችው።

«ትምህርት ቤቱን ሦስት ጊዜ ለመንሽ አሉ። ‹ተሳስቻለሁ፣ ክፍል ትግባልኝ› ብለሽ። አምስተኛ ሀ ሞላ፣ አሥራ አምስተኛው ወንበር ለአዲስ ተመዝጋቢ ተሰጠ አሉሽ። ለማን ብትዪ ስም አንነግርም አሉ። ደግ አደረጉ። ስም መጥራት ምን ይጠቅማል? ስም ሲጠራ ሰው ይሸማቀቃል። እኔ ራሴ ስም መጥራት አልወድም፣ ታውቂኛለሽ…»

ሰልፉ እንደገና ተራመደ። አሁን የድንኳኑ ጥላ ዓለምፀሐይ ላይ ደርሷል። ሳህሉና ልጁ ገና ፀሐይ ላይ ናቸው።

«እኔ የምሰፋው ምን እንደሆነ ነግሬሽ አውቃለሁ? ድሮ የማዳሞች አባያ ነበር። ዘንድሮ ሠርግ የለ፣ ግብዣ የለ፤ ባለቤቱ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አመጣ። የት ትምህርት ቤት እንዳትዪኝ… ደረቱ ላይ ሰማያዊ መርከብ ያለበት። የጸጋዬ እንደዚያ አይደል? እንግዲህ በማክሰኞ ዕለት ‹አስቸኳይ፣ አምስተኛ ሀ› የሚል አንድ ልኬት መጣልሽ። ኮሌታው ላይ ስም ጥለፉ ይላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ አልጎረጎርኩም፣ ክር ነው ያወጣሁት። ጠለፍኩታ! ፊደል በፊደል፣ በወርቅማ ክር። እንዴት ያለ የሚያምር ስም መሰለሽ! ስሙን ስጨርስ መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠረግሁ፣ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ምን አልኩ መሰለሽ? ‹የተባረከ ሰው ማለት ይህ ነው› አልኩ።»

ሳህሉ መሬቱን አየ። ቢጫው ቀለም በሰው ጫማ ተፍቆ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስብሰባው ባለፈ በሳምንቱ ሚስቱ ጥሩወርቅ የምትሠራበት ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቢሮ ጠራ፤ እሱም ቀን ቀን ቢሮ ይውላል። የእሱ አየር መንገድ ደመወዝ ሲቆርጥ ማራናታን ዱባይ ካለው ውድ ትምህርት ቤት አውጥተው ነበር፤ አዲስ ትምህርት ቤት ያስፈልጋት ነበር፤ ብቻዋን ቤት ጥለዋት ለመሄድ ደግሞ ልባቸው አልቻለም። ሳህሉ ቅጹን ሲሞላ ጣቱ ‹ቤት› ላይ ትንሽ ቆየና ‹ክፍል› ላይ አረፈ። ለኅብረቱ እነግራለሁ አለ። ነገ እነግራለሁ አለ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላከለት፦ በርካታ ቤተሰቦች የቤት ትምህርትን ስለመረጡ ለልጅዎ ቦታ ተገኝቷል። ያችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ደብዳቤውን ከስልኩ አጠፋው።

«‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ይሉ ነበር አባቶቻችን። ስልጣኔ ስላልነበራቸው ነው ዓለሜ! የተማረ ሰው ይወጣል። አንዱ ዛፍ ላይ ሆኖ ‹ተጠንቀቁ፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ውረዱ› ይላል፤ እኛ ስንወርድ ሌላኛው ላይ ተቀምጦ ፍሬውን ይለቅማል። ይሄ እኮ ጥበብ ነው። እኔ አልፈርድም። ደግሞም ለእኛ ብለው ይሆናል። ቦታው አደገኛ ከሆነ ቀድመው የራሳቸውን ልጅ ልከው ሊያዩልን… አብርሃምስ ይስሐቅን ይዞ ወጥቶ የለ? ልዩነቱ አብርሃም ዘጠኝ ቤተሰብ ከተራራው አላስወረደም። ወንድም ሳህሉ፣ እርስዎ ቃሉን ያውቃሉ፤ ተሳሳትኩ እንዴ? … አይ፣ ይቅርታ፣ በማይመለከትዎ ነገር አስገባሁዎት። እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው።»

ሳህሉ አፉን ከፈተ። ምን ይላል? ‹እኔን ነው?› ቢል አመነ ማለት ነው። ‹እንዲህ አይደለም› ቢል ማን ነህ ተብሎ ተጠይቆ ነው?  በዚህ መሃል ማራናታ እጁን ሳብ አደረገችና በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ጸጋ የተባለችው የእኛ ጸጋ ናት? እዚያ ክፍል የማትገባው ለምንድን ነው?» አለችው።

ያን ጊዜ ሳህሉ ስልኩን አወጣ። ልጁን «እዚሁ ቁሚ» ብሎ ከክቡ ወጣና ከድንኳኑ ገመድ አጠገብ ቆመ። ዘበኛው ‹ሙሽኪላ፣ ችግር› እያለ ሲመጣበት መዳፉን አሳየው። ለትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ለሚስ ሰፊያ ደወለ። ልብሱ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ በእንግሊዝኛ እየተንተባተበ፣ አንድ ወንበር ለሁለት ልጆች በፈረቃ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ሌሎች ክፍሎች እንዲህ እያደረጉ ነው፣ ሁለቱም ወላጆች ከተስማሙ ይቻላል፣ ግን ዝርዝሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል አለችው። አንድ ሳምንት የአንዷ፣ አንድ ሳምንት የሌላዋ። ሙሉውን ወንበር ልስጥ የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎበት ነበር። የጥሩወርቅን ፊት አሰበ፣ ባዶውን ቤት አሰበ። ግማሹን ሰጠ።

ወደ ክቡ ተመለሰ። ለዓለምፀሐይ፣ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሆን አንድ ዕድል ከፍቷል አሉ፣ አሁኑኑ ብትደውይ ይሻላል አላት። ‹አሉ› የሚለውን ቃል እንዴት እንዳስገባው እሱም አልገባውም። እውነቱን ሊናገር ነበር የመጣው፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ግማሹ ቀረ።

ዓለምፀሐይ ደወለች። የመንገዱ ጫጫታ መስማት ሲከለክላት ድምፅ ማጉያውን ተጫነችው። የሚስ ሰፊያ ድምፅ ሰልፉን ሁሉ አዳረሰ፦ አዎ፣ ጸጋ ደረጀ፣ አምስተኛ ሀ፤ ወንበሩን የምትካፈለው ከማራናታ ሳህሉ ጋር ነው፤ የማራናታ አባት ቅድም ደውለው ፈቅደዋል።

ዓለምፀሐይ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ዞረችና ሳህሉን ሳይሆን ማራናታን አየቻት፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገችላት። ሳህሉ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«አየሽ የጌታን ሥራ!» አሉ እትዬ አስናቀች፤ ድምፃቸው ማር ሆኗል። «እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ የማይረባ ወሬ ሳወራ፣ ለካ ነገሩ በሰማይ እየተሠራ ነበር። ወንበር የሌለባት ሳምንት ጸጋዬ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ከመኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ትማራለች፤ ለባለቤቱ እኔ እነግረዋለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ለእኚያ ስማቸውን ላልጠራሁት ሰው ደግሞ እንጸልይላቸዋለን። ጌታ እንደ ልባቸው ያድርግላቸው፣ እንደ ንግግራቸው አያድርግባቸው። በሉ አሜን!»

ሰልፉ ውስጥ የነበሩ ሦስት አራት አበሾች፣ ነገሩ የገባቸውም ያልገባቸውም፣ አሜን አሉ። ሳህሉም አለ። በረከት ሲነገር አሜን የማይል ሰው በረከቱን እንደገፋ ይቆጠራል ብሎ ራሱ አስተምሮ ያውቃል።

ዓለምፀሐይ ተጠርታ ወደ ድንኳኑ ገባች። ቀጥሎ የእትዬ አስናቀች ቁጥር ተጠራ። ቦርሳቸውን አንስተው ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆም አሉ። ጎንበስ ብለው፣ ሁለቱን ሜትር ሳያፈርሱ፣ ማራናታን በፈገግታ አዩዋት፤ ማስክ ቢኖርም ፈገግታው በዓይናቸው ዳር ይታይ ነበር።

«ማርዬ፣ የኔ ወለላ… ወንበርሽን ለእህትሽ ስላካፈልሽ ጌታ ይባርክሽ። እደጊ፣ ተመንደጊ። በሄድሽበት ሁሉ ሰዎች ‹የማን ልጅ ነሽ?› ብለው ሲጠይቁሽ… አንገትሽን ሳትደፊ የምትመልሺ ያድርግሽ።»